ጨረር ስቆርስ

እናቴን በገዛ እጄ ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ አውቃለሁ። እንዲህ ብዬ ስጀምር ሰው ይደነግጣል። ይደንግጥ፤ እኔም ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር አሁን ድረስ እደነግጣለሁ። ጉድጓዱ በአካፋ የተቆፈረ አልነበረም። በቁጥር ነው የቆፈርኩት፤ አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ፣ ሻይ እየጠጣሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ማብቂያው አካባቢ። በአንድ የመገናኛ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነበርኩ። ያኔ ሴት መሐንዲስ ማለት ሁለት ራስ ያላት ጥጃ ማለት ናት፤ ከሌላ ክፍል ሳይቀር እየመጡ በሬ ላይ ቆም ብለው አይተውኝ ይሄዳሉ። የምሠራባት ክፍል ጠባብ ነበረች። ውስጧ አንዲት ኮምፒውተር ነበረች፤ ለመሥሪያ ቤቱ በሙሉ አንዲት። አቧራ እንዳይገባባት ስንወጣ አንሶላ እናለብሳታለን። ጽዳት የምትሠራው ሴትዮ የታመመ ሰው የተኛ እየመሰላት ክፍሉ ውስጥ በጣቷ ጫፍ ነበር የምትረማመደው።

ኮምፒውተሯ ውስጥ አንድ ፕሮግራም ነበር። ሥራው፣ ገና ያልተሠራ ሳተላይት ሰማይ ላይ ቢሰቀል አንቴናው የሚልከው ጨረር መሬት ላይ የት የት እንደሚያርፍ መንደፍ ነው። ቁጥር ትሰጭዋለሽ፤ አንቴናው ወዴት ይዙር፣ የቱ ጎን ይበርታ፣ የቱ ይድከም። ያስባል። ሻይ ጠጥተሽ ትመለሻለሽ፤ ገና ያስባል። ምሳ በልተሽ ስትመለሽ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመሮች ተሥለው ታገኛለሽ። በውስጠኛው መስመር ውስጥ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ወደ ውጭ በሄድሽ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል። ካልወደድሽው ቁጥሩን ነካክተሽ እንደገና ታስጀምሪዋለሽ። ይህን ሥራ እወደው ነበር። ሰማይ ላይ ተቀምጬ ብርሃን የማድል ይመስለኝ ነበር፤ ትዕቢቴን እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዕቅዱ ትልቅ ነበር። ጥቂት ጎረቤት አገሮች ተባብረው ሳተላይት ለመስቀል ይመክራሉ። የእኛ አገር ድርሻ ጨረር እንዴት ይቀረጽ የሚለው ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ሽቦ ያልደረሰበት የገጠር ከተማ ሁሉ አንዲት ትንሽ ሳህን አንቴናና አንድ ስልክ ያገኛል ተባለ። የደረሱን ሁለት ጨረሮች ናቸው፤ አንዱ ለሰሜኑ፣ አንዱ ለመሐሉና ለደቡቡ። በረጅም አዳራሽ ጫፍና ጫፍ ሁለት ፋኖስ ብትሰቅይ መሐሉ ደብዘዝ ማለቱ አይቀርም። ሁለቱ ጨረሮች የሚገናኙበትም እንደዚያው ነው፤ ድምፅ የሚደክምበት ቦታ ይፈጠራል። ጉድጓድ እንለው ነበር። ጉድጓድ ውስጥ ለወደቀ ከተማ ትንሿ ሳህን አትበቃውም፤ ትልቅ ሳህን ያስፈልገዋል። ትልቅ ሳህን ውድ ስለሆነ ከተማው ወደ ሁለተኛው ዙር ይተላለፋል። ሁለተኛው ዙር በመሥሪያ ቤታችን ቋንቋ በጭራሽ ማለት ነበር።

ጉድጓዱን ማጥፋት አይቻልም። ማንቀሳቀስ ግን ይቻላል፤ ቁጥሮቹን ስነካካ ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም ይሄድልኛል። አለቃዬ ሽበታም፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ደግ ሰው ነበሩ። «የት ብታሳርፊው እንደሚሻል ምረጪና ምክንያቱን ጽፈሽ አምጪልኝ» አሉኝ።

እናቴ የምትኖረው ደብረ ታቦርን አልፎ፣ ከገሳይ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ፣ ጉና ሥር ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ፤ ወቅቱ ሲሆን ገብሳቸውን ያርሳሉ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የመጨረሻ ልጇ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ አስመራ አካባቢ ነበር። ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ደብዳቤ ይጽፋል። አባቴ ያነቡላታል። እናቴ ግን በዚህ አትጽናናም ነበር። «ደብዳቤውማ ይመጣል» ትለኛለች፤ «ግን የልጄን ነገር የምሰማው በአባትሽ ድምፅ ነው። አባትሽንማ በየቀኑ እሰማቸው የለ?» የምትፈልገው ድምፁን ነው። ሌላ ነገር አልፈለገችም፤ ልብስ ልግዛልሽ ስላት «ድምፁን ግዥልኝ» ትላለች።

ስልክ ያለው ደብረ ታቦር ነው። ያኔ ሰው ሲደወልለት አስቀድሞ የጥሪ ወረቀት ይላክለታል፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ይቅረቡ የሚል። ወንድሜ አንድ ጊዜ ማክሰኞ ሊደውል ጠራት፤ ወረቀቱ ከእጅ እጅ ሲዞር ቆይቶ ሐሙስ ደረሰ። ሌላ ጊዜ፣ ወረቀት ሳይመጣ፣ ልቤ ነግሮኛል ብላ ሄዳ ስልክ ቤቱ አግዳሚ ላይ ሁለት ቀን ተቀመጠች። አልደወለም። በሦስተኛው ወረቀቱም በጊዜ ደረሰ፣ እሷም በጊዜ ደረሰች፣ መስመሩም ተከፈተ። እጀታውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ነፋስ የመሰለ ነገር ሰማች፤ ከዚያ ሠራተኛዋ «ተቋረጠ፣ እማማ» አለቻት። እናቴ ግን ቤቷ ተመልሳ ለጎረቤት ሁሉ የተናገረችው ሌላ ነው። «ትንፋሹን ሰምቻለሁ» አለች። «ልጅ በትንፋሹ አይጠፋም።»

ለበዓል ሄጄ ይህን ስትነግረኝ እጄን ያዘችና «አንች የስልክ ሰው አይደለሽ? ገሳይ አንድ ስልክ አቁሚልኝ። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ብትሆን ይበቃኛል» አለችኝ።

«እናያለን፣ እማዬ» አልኳት።

አየሁም። ኮምፒውተሯ የመጀመሪያውን ስሌት ስትጨርስ ጉድጓዱን የጣለችው ላስታ ተራሮች ላይ ነበር። ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ ያለው አገር ግን ጥርት ባለው መስመር ውስጥ ገብቷል። ገሳይም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ እናቴም። እኔ አልነካሁትም፤ በራሱ የመጣ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይላል። እኔ ፊቴ ጋለ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይሉኛል ብዬ ሰጋሁ። የመሪጌታው ልጅ ጨረሩን ወደ አባቷ ደጅ ጎተተችው ሲባል ታየኝ፤ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ሂስ ስቀበል ታየኝ። ማን አለሽ ብትይኝ ማንም አላለኝም። ክፍሉ ውስጥ እኔና ኮምፒውተሯ ብቻ ነበርን። ያደግኩበት ይሉኝታ ግን ሦስተኛ ሆኖ ከአጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ቁጥሮቹን ነካካሁ። አንዱን ጨረር አደከምኩ፣ አንዱን ትንሽ አዞርኩ። ምሳ በልቼ ስመለስ ጉድጓዱ ከላስታ ተነሥቶ እኛ አገር ላይ፣ ከእናቴ ራስ በላይ አርፎ አገኘሁት። ምክንያቱንም ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁ፤ የመሬቱ አቀማመጥ ምናምን የሚል። አፈር በበላሁ፣ ያን ዕለት ኩራት ኩራት ብሎኝ ነበር ወደ ቤቴ የገባሁት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፈቃድ ወጣሁና አገር ቤት ሄድኩ። የአባቴ ዓይን ደክሞ ስለነበር መነጽር ገዝቼላቸዋለሁ። እንዳይሰበር በወፍራም ወረቀት ጠቀለልኩት። ወረቀቱ ከቢሮ የተጣለ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን በብዕር የሚሥል ማሽን ነበረን፤ ያን ቀን የአገሩን ድንበር የሚያወጣው ብዕር ቀለሙ ደርቆ መስመሮቹንና ነጥቦቹን ብቻ ሥሎ ወጣ። ለራሴ ሥራ እንዲመቸኝ በነጥቦቹ አጠገብ በእርሳስ አስመራ፣ ደሴ፣ ደብረ ታቦር እያልኩ ጽፌበት ነበር። ኬላ ላይ ዕቃዬን የፈተሸው ልጅ የወረቀቱን ስም ያልተጻፈበት ጫፍ ገለጥ አድርጎ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ካርታ ይዞ መገኘት የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነው። «የጥልፍ ንድፍ ነው» አልኩት። መስመሮቹን አየት አደረገና «ያምራል» ብሎ መለሰልኝ።

አባቴ መነጽሩን አፍንጫቸው ላይ አኖሩ። ዳዊታቸውን ያነሣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ጭናቸው ላይ የቀረውን መጠቅለያ አነሡ።

«ኧረግ! ጥርት አለልኝ እኮ» አሉ። «ይህ ጋራ ነው?»

«አይደለም አባ፤ ድምፅ ነው።»

«ድምፅ ደግሞ ይሣላል?»

«ብርታቱ ይሣላል። በዚህ መስመር ላይ ያለ ሰው ሁሉ እኩል ይሰማል።»

አባቴ የዜማ ሰው ናቸው፤ ምልክትን በመስመር ላይ ማንበብ ለእሳቸው አዲስ አይደለም። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ «አስመራ» ብለው አነበቡ። ይህን ጊዜ እናቴ የያዘችውን ሰፌድ አስቀምጣ መጣች። «ልጄ ያለበት ነው? የት ላይ?» አለች። አባቴ ጣቷን ይዘው ነጥቡ ላይ አኖሩላት። ነጥቡን ዳበሰችው፤ እንደ ልጅ ግንባር ዳበሰችው።

«እኛስ?» አለች።

አባቴ ፈለጉ። «ደብረ ታቦር... ይኸው። ግን ይህ ዙሪያውን የከበበን ምንድን ነው? የልጁን አስመራ እንዲህ ያለ ነገር አልከበበውም።»

መዋሸት እችል ነበር። የኬላውን ልጅ ዋሽቼ የለ? አባቴ ግን በገዛሁላቸው መነጽር ውስጥ ትክ ብለው እያዩኝ ነው። «ጉድጓድ ነው አባ» አልኩ። «ድምፅ የማይደርስበት።»

«ማን ቆፈረው?»

«እኔ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ እኛ ጥሩው ቦታ ላይ እንደነበርን፣ ጉድጓዱን እኔ አንሥቼ እዚህ እንዳመጣሁት። እናቴ ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለምን?» አለች ቀስ ብላ።

«ለአገሯ አደላች እንዳልባል።»

«ማን አለሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲህ ምንም ላላለሽ ሰው ብለሽ ነው የልጄን ድምፅ የሰጠሽብኝ?» አለችና ላሞቹን ልታስገባ ወጣች።

ከአባቴ ጋር ቀረን። እኔ አፈርኩ ማለት ሲገባኝ ተከራከርኩ፤ ጠባዬ ነው፣ ስበደል ዝም እላለሁ፣ ስበድል ደግሞ ጠበቃ እሆናለሁ። «አንቱም እኮ አባ» አልኳቸው፣ «በማኅበሩ ዳቦ ሲቆርሱ ለራስዎ የሚያነሡት መጨረሻ ነው። ከአንቱ የተማርኩት ነው።» በእኛ አገር ደንብ ዳቦ ቆራሽ የሁሉንም አድሎ ሲጨርስ ነው የተረፈችውን ለራሱ የሚያነሣው። አባቴ የሚካኤል ማኅበር ቆራሽ ነበሩ፤ በሕይወቴ ሙሉ የድፎውን ጠርዝ ሲበሉ እንጂ መሐሉን ሲበሉ አይቻቸው አላውቅም። እሳቸው መነጽሩን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «ነገ ማኅበር ነው፤ አጠገቤ ትቀመጫለሽ» አሉኝ።

በማግሥቱ ዳቦው ቀረበ፤ ጸሎት ተደረገ። አባቴ ቢላዋውን አነሡ፤ ግን አልቆረሱም። መጀመሪያ ቆጠሩ። የተቀመጠውን ሰው አንድ ባንድ እያዩ ቆጠሩ፤ ከዚያ ያልመጡትን ቀጠሉ። የታመመች አሮጊት፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ የሄደ ጎረቤት፣ ጦር ሜዳ ያሉ ሁለት ልጆች። አንዱ ወንድሜ ነው። በመጨረሻ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውንም ቆጠሩ። ከዚህ በኋላ ነው ቢላዋው ዳቦው ላይ ያረፈው። አደሉ፤ የቀሩት ሰዎች ድርሻ ለየቤታቸው ተቋጠረ፤ እናቴ የወንድሜን ቁራሽ ተቀብላ በመቀነቷ ቋጠረች። በስተመጨረሻ አንዲት ጠርዝ ቀረች።

አባቴ ጠርዟን አንሥተው አሳዩኝ። «አየሽ? ትንሿን ወሰድኩ። ግን ከቁጥር አልወጣሁም። መጨረሻ ማንሣት ሌላ፣ አለመቆጠር ሌላ።»

«ገባኝ አባ» አልኩ፤ ቶሎ እንዲያበቃ ፈልጌ።

«አልገባሽም፣ ቆይ። ቆራሽ የራሱን ያሳንስ፤ መብቱ ነው። የእነዚህን ለማሳነስ ግን ማን ፈቀደልሽ?» ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በአገጫቸው አሳዩኝ። «ያች ልጇ ጅማ ናት። እኒያ ወንድማቸው የት እንደገባ አያውቁም። አንች ትሕትና ያልሽው ከእነሱ መሶብ የወጣ ነው።»

ቁራሼን ሳልጎርሳት አስቀመጥኳት። እናቴን ብቻ የጎዳሁ መስሎኝ ነበር፤ እሱንም እንደ መሥዋዕት ቆጥሬው። ዙሪያዬን አየሁ። ጠላ የሚቀዳው፣ ሕፃን የምታባብለው፣ በር ላይ የቆመው፣ ሁሉም እኔ በቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው «እንኳን ደህና መጣሽ፣ የኛ ሊቅ» እያሉ ይመርቁኛል። መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ።

ማታውን አባቴ ወረቀቱን እንደገና ዘረጉት። አዲስ መነጽር እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ አያስቀምጥም። ከጉድጓዱ በስተግራ ያለውን ባዶ ቦታ በጣታቸው መታ መታ አደረጉና «እዚህ ምንም አልጻፍሽ። ምንድን ነው?» አሉ።

«ጣና ነው አባ። ሐይቅ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ጉድጓዱን ታዲያ እዚያ አትከቺውም? ዓሣ ለማን ይደውላል?»

አምስት ዓመት ተምሬ፣ ሦስት ዓመት ሠርቼ፣ ይህ አንድ ቀን አልታየኝም። ላስታ ወይስ እኛ፣ ላስታ ወይስ እኛ ስል ከረምኩ እንጂ ከእኛ ጀርባ ያን ያህል ውሃ ተኝቶ እንዳለ አላየሁም። ግን እልኸኛ ነኝና «ገዳማቱስ?» አልኳቸው። «ደሴቱ ላይ መነኮሳት አሉ።»

«መነኮሳቱ ዓለምን ትተው የገቡት ስልክ ሊያነሡ ነው እንዴ?» ብለው አባቴ ሳቁ። እናቴ ምድጃው አጠገብ ነበረች፤ ፊቷን አዞረች፤ ስትስቅ ግን ትከሻዋ አሳበቀባት። ስሰናበታት አሁንም ኩርፊያዋን አልጨረሰችም። ስንቄን ግን ቋጥራልኛለች፤ የተወቀጠ የኑግ ልጥልጥ ጨምራበታለች። እንደምወደው ታውቃለች።

አዲስ አበባ እንደገባሁ አንሶላውን ከኮምፒውተሯ ላይ ገፈፍኩ። ጉድጓዱን ወደ ምዕራብ መግፋት ቀላል አልነበረም። ስገፋው ይሰፋል፤ ሳጠበው ይመለሳል። ከሐይቁ ይሰፋ ስለነበር ጥልቁ ውሃው ላይ አርፎ ጠርዙ ብቻ ዳር ዳሩን እንዲነካ ቀናት ፈጀብኝ። ባሕር ዳርና ጎንደር ጠርዙ ቢነካቸውም ቀድሞውንም ስልክ አላቸው። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ስክሪኑ ላይ ተሥሎ ጠበቀኝ፤ ላስታም ውስጥ ነው፣ እኛም ውስጥ ነን፣ ጉድጓዱ ጣና ላይ ነው። ብቻዬን እልል አልኩ። ጽዳቷ ሴትዮ ደንግጣ መጣች።

አለቃዬ አዲሱን ሥዕል ከአሮጌው ጎን አድርገው ብዙ አዩት። «ይህማ በጣም ይሻላል» አሉ። «ያኛውን ታዲያ ምን ነክቶሽ ነው ያመጣሽልኝ?» የመሬት አቀማመጥ ልል ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። «እናቴ እዚያ ናት፤ ለዚያ ነው ያወጣኋት» አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ወንድሜን፣ የጥሪ ወረቀቱን፣ ትንፋሹን፣ ዳቦውን።

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ!» ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። «ቆይ እስቲ። ወንድምሽ አስመራ፣ እናትሽ ደብረ ታቦር። ዛሬ ባለው ሽቦ ሁለቱ ቢደዋወሉ መስመሩ በየት ነው የሚያልፍ?»

«በዚሁ ሕንጻ» አልኩ። «በምድር ቤት።»

«ከአንቺ ክፍል ሥር።»

«አዎ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ወርደሽ አንድ ቀን አገናኙልኝ አላልሽም?»

«ለግል ጉዳዬ ሰው ማስቸገር...» ብዬ ጀመርኩና አልጨረስኩትም። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «አንቺ ልጅ፣ ይሉኝታሽ ሰው ይገድላል» አሉኝና ኮታቸውን ይዘው ተነሡ። እየጎተቱ ነው ምድር ቤት ያወረዱኝ።

ሳተላይቱ፣ ልንገርሽ፣ አልበረረም። ወረቀቱ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲዞር ቆየ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ሁሉም ነገር መደርደሪያ ላይ ቀረ። ገሳይ ስልክ የገባው ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ ነው። ወንድሜም በእግሩ፣ ከስቶና ጠቁሮ ወደ ቤቱ የተመለሰው ከለውጡ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን ማናችንም አናውቅም ነበር።

ምድር ቤት ያለችው ኦፕሬተር ነገሩን ስትሰማ «እህቴ፣ ይህችን ታህል ነገር!» ብላ እጇን አራገበችብኝ። የአስመራዋን ኦፕሬተር በድምፅ ታውቃታለች፤ ዓመት ሙሉ ተነጋግረዋል፣ ተያይተው ግን አያውቁም። ያቺኛዋ ወደ ጦር ሰፈሩ መልእክት ላከች። እኔ ደግሞ በወረቀት አላመንኩም፤ በገሳይ በኩል የሚያልፍ የጭነት መኪና ሹፌር አግኝቼ ቀኑን ለአባቴ በቃል አስላክሁ። ዐሥር ቀን አስቀድሜ።

ቀኑ ሲደርስ ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ወረድኩ። ኦፕሬተሯ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝና «ሦስት ደቂቃ ናት፤ ከዚያ ሠራዊቱ መስመሩን ይፈልገዋል» አለች። ገመዶቹን ሰካካች። አስመራ መለሰ። ደብረ ታቦር መለሰ።

«እማዬ?» አለ ወንድሜ። ድምፁ ጎርነን ብሏል። ሲሄድ እንዲህ አልነበረም።

ከደብረ ታቦር ምንም የለም።

«እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ» አለች በሹክሹክታ። «አንተ ተናገር። እኔ ለመስማት ነው የመጣሁ።»

ምን ይናገር? ከኋላው ሰዎች አሉ፣ ወረፋ አለ። ብርዱን ነገራት። ጉልበቱን አሞት እንደተሻለው ነገራት። ጓደኞቹ ሲዘፍን እንደሚስቁበት፣ የአባባን ዜማ ሲያንጎራጉር ደግሞ ዝም እንደሚሉ ነገራት። እሷ «እ» ትላለች። «እ። እ።» ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልወጣትም። ጊዜው ሊያልቅ ሲል ኦፕሬተሯ አንድ ጣት አሳየችኝ።

«እማዬ፣ አንች ምንም አላልሽኝ።»

«ቁራሽህ አለች» አለች እናቴ። «በየወሩ አስቀምጥልሃለሁ። አዲሲቱ ስትመጣ አሮጌይቱን ለነዳይ እሰጣለሁ። ያለ ቁራሽህ ቤቱ አድሮ አያውቅም። መጥተህ ትበላታለህ።»

«እሺ እማዬ። መጥቼ እበላታለሁ።»

የአስመራው ተቆረጠ። ኦፕሬተሯ ፊቷን በመሐረቧ እየጠረገች ሌላኛውን ገመድ ልትነቅል እጇን ስትዘረጋ፣ እናቴ እጀታውን እንዳላስቀመጠች በማዳመጫው ሰማሁ።

«ልጄ» አለች። «እዚያው ነሽ?»

እኔ እንደማዳምጥ የነገራት የለም። አፌንም አልከፈትኩም ነበር። «አለሁ፣ እማዬ» አልኩ።

«አውቄያለሁ። ትንፋሽሽን ሰምቻለሁ። ያንችም ቁራሽ አለች። ለትምህርት ከወጣሽ ጀምሮ አንድ ወር ሳላስቀምጥ ቀርቼ አላውቅም። ዛሬስ በልተሻል?»

«አልበላሁም» አልኳት።